ባቡር እንደ ባጃጅ አይቆምም

«ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ይሁን፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ ደመወዝ ይከፈለን!»

ይህን የሚሉት፣ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራውን የባቡር ነጂነት ጨዋታ አንድ ቀን ሞክረው ሩብ ሰዓት ሳይሞላቸው ትተውት የተነሱ ሰዎች ናቸው። ክሳቸው ብዙ ነው። ባቡሩን ለማስነሳት ብቻ አሥር ቁልፍ መነካካት ያስፈልጋል፤ ከተነሳም በኋላ እንደ ልብ አይሮጥም፤ ከሮጠ በኋላ ደግሞ አልቆምም ይላል፤ በመጨረሻም ጣቢያውን አልፎ ሄዶ ይቆምና ተጫዋቹን «ወድቀሃል» ይለዋል። «ይህን የባቡር ባለሙያና የባቡር ፍቅር ያናወዘው ሰው ይጫወተው፤ ከሥራ ደክሞ ለሚመጣው፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ለሚያገኘው ተራ ተጫዋች ግን አይሆንም» ሲሉም ይፈርዳሉ። ለተራው ሰው የሚመክሩት ቀላሉን ነው፤ ሲጫኑት የሚሄድ፣ ሲለቁት የሚቆም፣ ኩርባ የማይፈራ፣ ዳገት የማያውቅ ባቡር።

ክሱ በከፊል እውነት ነው። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። እውነተኛው የባቡር ጨዋታ ከማንም ይልቅ የሚስማማው ለተራው ተጫዋች ነው እላለሁ። እሱን የሚያባርረው የባቡሩ ክብደት ሳይሆን በክብደቱ ላይ የተከመረው የቁልፍ ጋጋታ ነው። እንግዲህ ቁልፉን ቀንሱለት፤ ክብደቱን ግን አትንኩበት። ክርክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃ ነው።

ማስረጃውን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሸዋ ሮቢት ብጀምር እመርጣለሁ። ለምን ቢሉ፣ በዚያ አካባቢ ይህ ነገር የጨዋታ ብቻ ጉዳይ አይደለምና ነው።

ሐዲዱ ቀድሞ የመጣበት አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ረግጦ፣ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ የይፋት ቆላ ላይ ይዘረጋል። ብርዱ ከላይ ይቀርና ሙቀቱ ይቀበልዎታል። ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ገበያ የሚጋሩበት አገር ነው። ድሮም የመንገድ አገር ነበር። በይፋት ሡልጣኖች ዘመን ከዘይላ የሚነሳው የግመል ቅፍለት ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው። ሸዋ ሮቢትም የመንገድ ልጅ ናት፤ የጭነት መኪና ሲያልፍባት ይውላል፣ ሲያልፍባት ያድራል።

በዚህ ቆላ ላይ ነው እንግዲህ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር የተዘረጋው። ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። ድልድዩ ቆመ፣ ተራራው ተበሳ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። ባቡሩ ግን አብሮ አልመጣም። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘገየ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዶ መስመሩም የጉዳቱና የዝርፊያው ተካፋይ ሆነ። ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀመርበት ዓመታት ነጎዱ።

በዚህ ምክንያት በይፋት ያልተለመደ ነገር ተፈጠረ። በሌላው ዓለም ልጅ ባቡር እያየ ያድጋል፤ በኋላ የባቡር ጨዋታ ቢያገኝ ከሚያውቀው ጋር እያስተያየ ይጫወታል። የይፋት ልጅ ግን ያደገው ሐዲድ እያየ ነው። ባቡሩን የሚያውቀው በቴሌቪዥን፣ በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት ነው። ከብቱን ወደ ውሃ ሲነዳ ሐዲዱን ይሻገረዋል፤ ሐዲዱም ዝም ይለዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ስለ ባቡር የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ በተለይም ስንት ሜትር ሄዶ እንደሚቆም፣ ከጨዋታ የሚቀዳው ነው። ጨዋታው ቢዋሸው ማን ያርመዋል?

ሦስቱ እውነቶች

አንድ የባቡር ጨዋታ «እውነተኛ ነው» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ጠቡም የሚመነጨው ከዚህ መደባለቅ ነው።

አንደኛው የክብደት እውነት ነው። ባቡር ብረት በብረት ላይ የሚንከባለል ፍጡር ነው። ለመነሳት ያዘግማል፤ አንዴ ከተነሳ ግን የሚገታው ጥቂት ነው። ዳገት ያደክመዋል፤ ቁልቁለት ይገፋዋል፤ ሐዲዱ በዝናብ ሲርስ መንኰራኩሩ ባዶውን ስለሚሽከረከር ነጂው ከፊቱ አሸዋ ያፈስለታል።

ሁለተኛው የቁልፍ እውነት ነው። ባትሪውን ማብራት፣ በጣሪያው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መቀበያ ክንድ ማንሳት፣ አየር መጭመቂያውን ማስነሳት፣ መብራቱን፣ የበሩን መቆለፊያ፣ የማስጠንቀቂያውን ደወል ማሰናዳት ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የሰዓት እውነት ነው። የሁለት ሰዓት ጉዞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ቀይ መብራት ላይ ሃያ ደቂቃ የሚያስቆም ከሆነ ሃያ ደቂቃ ያስቆማል።

ከሦስቱ መካከል ተራውን ተጫዋች ከወንበሩ የሚያስነሱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። እነዚህን ደግሞ ባቡሩን ሳይጎዱ መቀነስ ይቻላል። ባትሪውን ጨዋታው ራሱ ያብራ፤ ጉዞውም ከአንድ ጣቢያ እስከ ቀጣዩ ጣቢያ ብቻ ይሁን፤ ማንም የተጎዳ የለም። አንደኛውን የነካ ሰው ግን ባቡሩን ገድሎ ሬሳውን ቀለም ቀብቶ አቀረበ ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ደህና ፍሬን ያላት የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በእያንዳንዱ ሰከንድ ከዚህ ፍጥነቷ 7 ሜትር ያህል ልትቀንስ ትችላለች፤ ስለዚህ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ 35 ሜትር ያህል ሄዳ ትቆማለች። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚቀንሰው 0.3 ሜትር ብቻ ነው ብለን እናስላ። ለመቆም ከ70 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ከ800 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ነጂው 300 ሜትር ላይ የግመል መንጋ ሐዲዱን ሲሻገር ቢያይ ፍሬኑን ይይዛል፣ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ወደ ጎን አይጠመዝዝ ነገር፣ ባቡር መሪ የለውም!

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ቀላል በተባለው ጨዋታ ውስጥ ጣት ከተነሳ ባቡሩ በሃያ ሜትር ይቆማል። ይህ የባጃጅ ሕግ ነው። በሸዋ ሮቢት ጎዳና ላይ ላም ብትቆም ባጃጁ ይቆማል፤ ባይቆም ይጠመዘዛል፤ ባይጠመዘዝም ባለላሚቱና ባለባጃጁ ተሰዳድበው ይለያያሉ። ባቡር ግን እንደ ባጃጅ አይቆምም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው መስመር ላይ ከብቶችና ግመሎች በባቡር መገጨታቸው፣ በካሳውም ጉዳይ አርብቶ አደሩና የባቡሩ ድርጅት መነታረካቸው በተደጋጋሚ የተሰማ ነው። እዚያ ባቡሩ ነበር፤ እውቀቱ ግን አልቀደመውም። በይፋት ገና ጊዜ አለ። ጨዋታ የትራፊክ ፖሊስ ይሁን አልልም፤ ከብት ጠባቂውን ሁሉ በኮምፒዩተር እናስተምር ማለቴም አይደለም። ግን የተማረው ልጅ የሚጫወተውን ነገር ሐሰት አድርጎ መስጠት ደግሞ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ከጣርማ በር የተማረ ሕዝብ

«ተራው ሰው ይህን ሁሉ ፍሬንና ግፊት አይረዳውም» የሚለውን ክርክር ስሰማ ግን የሚታየኝ ንቀት ነው። ተራው ሰው ማን ነው? በሸዋ ሮቢት ተራው ሰው ማለት አጎቱ የተሳቢ ሹፌር የሆነ፣ ወንድሙ ረዳት የሆነ፣ ራሱም ቢሆን ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ከጋቢናው መስኮት ገደሉን ያየ ሰው ነው። ጭነት የያዘ መኪና ያንን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እንደማይወርድ ያውቃል። ሹፌሩ ገና ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩ ይይዝለታል። ፍሬኑን እየረገጠ የወረደ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ ግሎ፣ አየሩ አልቆ፣ ጸሎት ይጀምራል። ይህ ትምህርት በይፋት መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ ሻይ ቤት የሚወራ ነው።

የባቡር ፍሬንም የዚሁ ዘመድ ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው አውቶማቲክ የአየር ፍሬን፣ ዛሬም ድረስ የብዙዎቹ የጭነት ባቡሮች ፍሬን መሠረት ነው። ከፊት እስከ መጨረሻው ፉርጎ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ አየር ታምቆ ይያዛል። ፍሬኑ የሚይዘው ነጂው አየር ሲጨምር ሳይሆን ከቱቦው አየር ሲለቅ ነው። በዚያን ጊዜ በየፉርጎው ሥር ያለው የአየር ጋን ያጠራቀመውን ወደ ፍሬኑ ይልካል። ጥበቡም እዚህ ላይ ነው፤ ፉርጎ ቢበጠስ ቱቦውም አብሮ ስለሚበጠስ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ ሁሉም ፍሬን ይይዛል። አደጋውም እዚያው ነው፤ ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ እየያዘ የሚለቅ ነጂ፣ ጋኖቹ እንደገና ሳይሞሉ ቁልቁለቱ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። የጣርማ በሩ ሹፌር ይህን ቢሰማ «እኛም እንዲያው ነን» ይላል እንጂ ይከብደኛል አይልም።

እውነተኛው ጨዋታ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ የሚፈልገውም አንድ ማንሻና አንድ የግፊት መለኪያ ብቻ ነው። አሥር ቁልፍ የት አለ? ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ቸኩሎ ፍሬኑን ይጨርሳል፤ ባቡሩም ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛ ጊዜ ቀድሞ ያስባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ከዚህ የተሻለ አድርጎ የሚያስረዳ መምህር አላውቅም።

አዋሽ፣ ጥር 1977

የይፋቱ መስመር የሚነሳባት አዋሽ ስለ ባቡር ክብደት የምትናገረው አላት። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የመንገደኛ ባቡር፣ እዚያው አዋሽ አጠገብ በገደል ላይ በተሠራ ኩርባ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ሰረገሎቹ ወደ ገደሉ ወረዱ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አሰቃቂ አደጋዎች አንዱ ነው። ምክንያት ሆኖ የተነገረውም ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ ኩርባው መግባቱ ነው።

ሙታኑን ለጨዋታ ክርክር ማሟሟቂያ አላደርጋቸውም። ያነሳኋቸው፣ ባቡር ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር በአገራችን ስለሌለ ነው። በባቡር ላይ የተገኘ ፍጥነት ብድር ነው፤ ኩርባው ከመድረሱ በፊት መከፈል አለበት። ኩርባውን ካዩት በኋላ ልክፈል ቢሉ ጊዜው አልፏል። ማናቸውንም ኩርባ በማናቸውም ፍጥነት የሚያሳልፍ ጨዋታ የሚዋሸው ሌላ ቦታ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ ሰው ባለቀበት ነጥብ ላይ ነው።

ከዚህ ደግሞ የእውነተኛው ጨዋታ ትልቁ ደስታ ይወለዳል። ባቡር ነጂ ፍሬን የሚይዘው ላየው ነገር ሳይሆን ገና ላላየው ነገር ነው። ከዚያ ኮረብታ በስተጀርባ ኩርባ እንዳለ፣ ከኩርባው ቀጥሎ ጣቢያ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ነጂ አዲስ መስመር ላይ ብቻውን ከመውጣቱ በፊት መስመሩን እንዲያጠና ይደረጋል። ባቡር የሚነዳው ከዓይን ይልቅ በትዝታ ነው ማለት ነው። እውነተኛውን ጨዋታ የሚጫወት ሰውም ሳያውቀው አገር ያጠናል፤ «ከድልድዩ ማዶ ያለችው ዛፍ ጋ ስደርስ መልቀቅ አለብኝ» ማለት ይጀምራል። ቀላሉ ጨዋታ ግን አገሩን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ሥዕል ያደርገዋል፤ ባቡሩ ያልፋል፣ ሥዕሉ ይቀራል።

ጃፓኖች ያረጋገጡት ነገር

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ግን ተራ ሕዝብ ሲጫወተው የት ታየ?» ለሚል መልሱ ከጃፓን ይመጣል። ታይቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 «ዴንሻ ዴ ጎ!» የተባለ የባቡር ነጂነት ጨዋታ አወጣ። ያወጣው ለባቡር ባለሙያ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ከትቶ በሚጫወትባቸው የመጫወቻ አዳራሾች ነው። ተራ ተጫዋች ማለት እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የት ይገኛል?

በጨዋታው ላይ ያሉት ዋና ማንሻዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኃይል፣ ሌላው ፍሬን። በቃ። የሚጠየቀው ግን ቀላል አይደለም። ባቡሩን በሰዓቱ፣ በሰከንድ ተቆጥሮ፣ በጣቢያው ምልክት ላይ ማቆም ነው። ካለፈ ነጥብ ይቀነሳል፤ ቢያንስም ይቀነሳል፤ ፍሬኑን በድንገት ይዞ መንገደኛውን ቢያንገጫግጭም ይቀነሳል። ሕዝቡ ወደደው፤ ጨዋታው ወደ ቤት መጫወቻ መሣሪያዎች ገባ፤ ተከታታይ እትሞችም ወጡለት። ክብደቱን ጠብቆ ቁልፉን የቀነሰ ጨዋታ ተራውን ሰው እንደማያባርር ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

በኋላ የመጡት ምዕራባውያን ጨዋታዎች ሌላ መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 የማይክሮሶፍቱ «ትሬን ሲሙሌተር» እና የአውስትራሊያው «ትሬንዝ» ወጡ፤ በ2017 ደግሞ «ትሬን ሲም ወርልድ» መጣ፤ በዚህኛው ነጂው በእግሩ ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካል። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የቁልፉን ብዛት የእውነተኛነት መለኪያ አድርጎ የሚኮራ ወገን በዚያ አካባቢ በቅሏል። እነዚህን የቁልፍ አምላኪዎች የማልደግፋቸው ለዚህ ነው። ቁልፍ ማስታወስ የፈተና ጉዳይ ነው፤ ክብደት መሰማት ግን የማሽከርከር ጉዳይ ነው። «ለተራ ሰው አይሆንም» ባዩና «ቁልፍ ካልበዛ እውነተኛ አይደለም» ባዩ ሳይተዋወቁ አንድ ማኅበር የመሠረቱ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ተራውን ተጫዋች ደጅ ያስቀሩታል።

የሚገባ ቅሬታ

ለክሱ በከፊል እውነት ነው ብያለሁና ያንን በከፊል ልክፈል።

ዋጋው ውድ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ መሠረቱን ከሸጡ በኋላ እያንዳንዱን መስመርና እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ለየብቻ ይቸረችራሉ፤ ሁሉንም ልሰብስብ ያለ ሰው በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ይፈጅበታል። በኢንተርኔት የሚከፈልበት የዶላር ካርድ ለሌለው ወጣት ነገሩ ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነው። ደህና ኮምፒዩተርም ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኮምባልቻ ሊደርስ የተቃረበው ባቡር አዋሽ ይመለሳል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የባቡር ባለሙያ እንግሊዝኛ።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ቅሬታዎች አንዱም ስለ ክብደት አይደለም። የዋጋ፣ የመሣሪያና የቋንቋ ችግር ነው። መድኃኒቱም ባቡሩን ማቅለል አይደለም። «ኦፕን ሬይልስ» እና «ኦፕን ቢቪኢ» የተባሉት በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ የባቡሩን ክብደትና ፍሬን ከቁም ነገር የሚቆጥሩም ናቸው። አንድ ሰው መመሪያውን በአምስት ገጽ አማርኛ ቢጽፍ ከግማሽ በላይ የሆነው አጥር ይፈርሳል።

«ግን ማስተማር የጨዋታ ግዴታ ነውን?»

ይህ የተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ጥያቄ ስለሆነ በቸልታ አላልፈውም። ሰው የሚጫወተው ሊማር አይደለም፤ ሊዝናና ነው። የደከመ ሰው ላይ የአየር ግፊት መጫን ግፍ ነው ይላሉ።

መልሴ፣ ትምህርቱን ተዉት ነው። ስለ ደስታው እናውራ። ገበጣ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ መቁጠር ይቀርላቸው ተብሎ ገበጣው ቢቀልላቸው ያመሰግናሉን? ዳማ ላይ ተበይ የሌለበት ጨዋታ ማን ይጫወታል? በየሰፈሩ ጌም ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ የተፋጠጡት ልጆች የተመታ ኳስ ሁሉ ጎል የሚሆንበት ጨዋታ ቢቀርብላቸው በሁለተኛው ቀን ትተውት ይወጣሉ። ለጊዜ ማሳለፊያ የሚጫወት ሰው ደስታ አይፈልግም ያለ ማን ነው? ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው የሚቃወም ነገር መኖሩ ነው። ኳስ ታመልጣለች፤ ፈረስ ያስቸግራል፤ ባቡር አልቆምም ይላል። የባቡሩ እንቢታ ከተወሰደበት የቀረው ምንድን ነው? በሁለት ብረት መካከል ታስሮ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የማይዞር መኪና! ከመኪና ጨዋታ ያነሰ እንጂ የበለጠ አይደለም። ቀላሉን የባቡር ጨዋታ ሰው ቶሎ የሚሰለቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

አልቆምም ያለው ባቡር ግን፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ፣ መንገደኛውን ሳያንገጫግጭ ምልክቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲቆም የሚሰጠው እርካታ ሌላ ነው። ደክሞ የመጣ ሰው የሚያስፈልገውም እሱ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታ ሲጋፋ፣ በታክሲ ሰልፍ ሲገፋ የዋለ ሰው፣ ችኮላ የማይጠቅምበት አንድ ግማሽ ሰዓት ቢያገኝ ይጠላል? ባቡር በባሕርዩ ቸኳይን ይቀጣል፤ ታጋሽን ይሸልማል። ከዚህ የበለጠ ዕረፍት የት አለ?

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ መስመር

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መሄድ ስለማይገባ የምመኘውን ልናገር።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ተጫዋቹ የራሱን መስመር የሚሠራበት መሣሪያ አላቸው፤ «ትሬንዝ» ገና ሲወጣ ጀምሮ ይዞት የመጣ ነው። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታም፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመንኰራኩር የለካው፣ በነጻ ይገኛል። ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለውን መስመር ሊሠሩት ይችላሉ። ጀውሃ ይግባበት፤ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ከሩቅ ይታይ፤ ማሽላው በመስከረም ቁመቱን ያሳይ፤ የግመል መንጋ ሐዲዱን ይሻገር። ማንሻው ሁለት ይሁን፤ ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይሁን፤ ጉዞው ከሩብ ሰዓት አይብለጥ። ክብደቱ ግን ሙሉ ይሁን፤ አንድ ቶን እንኳ አይቀነስለት።

ይህ ቅንጦት አይደለም። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ለዓመታት በቻይናውያን ከተመራ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ተላልፏል። ባቡር ነጂነት የአገር ልጅ እንጀራ ሆኗል ማለት ነው። አብራሪ ለመሆን የሚመኝ ልጅ ከምኞቱ ጋር የሚያገናኘው የበረራ ጨዋታ ሞልቶለታል፤ ባቡር ለመንዳት የሚመኝ የይፋት ልጅስ ምኞቱን በባዶ ሐዲድ ላይ እስከ መቼ ያሻግር? ጨዋታው ነጂ አያደርገውም፤ ሙያው የሚገኘው በሥልጠናና በመስመር ላይ ነው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚመኝ ግን በትክክል ይነግረዋል።

ጌም ቤት ያላችሁ፣ ቀላሉን ብቻ አትጫኑ። ጨዋታ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ተራውን ሰው አትናቁት፤ ከጣርማ በር የወረደ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ያውቃል። «ለእኛ አይሆንም» ብላችሁ የተነሳችሁት ደግሞ፣ ቁልፉን ቀንሳችሁ አንዴ ተመለሱ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ማንሻውን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ባቡሩ ለመነሳት ያዘግማል። አትቆጡት፤ ሦስት ሺሕ ቶን ከኋላችሁ አለ።